ቡዋዩ ከመታኘኩ በፊት

«ዌንሴስ አልሞተም።»

አክስቴ ሮስታ ከገበያ በተመለሰች ቁጥር፣ ዘንቢሏን እንኳ ሳታወርድ፣ ይህን ትላለች። ጊዞ ላይ፣ ከባሕሩ ማዶ፣ ዓሣ ሲሸጥ ያየው ሰው አለ። ጺም አሳድጓል። በሚቀጥለው ሳምንት ጺሙ ይላጫል፤ በሦስተኛው ያገባል፤ በአራተኛው ሚስቲቱ መንታ ትወልድለታለች። አንድ ነገር ብቻ አይለወጥም። ቀኝ እግሩን ያነክሳል፤ ጉልበቱ ውስጥ ጥይት ቀርቷል።

እናቴ ፔርፔቱዋ ይህን እየሰማች ጎደሬዋን ትልጣለች። አንድ ቀን ብቻ ቀና አለች።

«ባሕር ተሻግሮ ዓሣ መሸጥ የቻለ ሰው፣ መጥቶ እህቱን ሰላም ማለት ምን ያቅተዋል?»

«ፈርቶ ነዋ።»

«ማንን?»

«አንቺን» አለች አክስቴ። «ይህን ፊትሽን አንድ ቀን ውኃ ላይ እይው እስቲ።»

እኔ ሳቅሁ። እናቴ ልጣጩን ለአሳማዎቹ ወረወረችና ወደ ቢላዋዋ ተመለሰች።

ዌንሴስ የሁለቱ ወንድም ነበር። እኔ በተወለድኩበት ዓመት ጨው ፍለጋ ወደ ወንዙ ሰዎች፣ ወደ ቶይሩ ወረደ፤ አልተመለሰም። ያን ጊዜ አገራችን ጦርነት ላይ ነበረች፤ ሲጀመር ከመዳብ ማዕድን ማውጫው ባለቤቶችና ባሕር ተሻግረው ከመጡ ወታደሮች ጋር ነበር፤ ወደ ማለቂያው ግን እኛ የተራራው ሰዎችና የወንዙ ሰዎች እርስ በርስ እንታደን ነበር። ይህን የምለው ዛሬ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ የማውቀው፣ ጦርነት የሚባል ነገር እንደነበረና ትምህርት ቤታችንን እንደበላው ብቻ ነበር። ማንበብ የተማርኩት ከማዕድን ማውጫው በተረፈ የክሬን መመሪያ ነው። ልጆች ሁሉ የአምላክን ስም መጻፍ ሲማሩ እኔ «ከተንጠለጠለ ጭነት ሥር አትቁም» የሚለውን ጽፌአለሁ። አስተማሪ ስላልነበረኝ አፌን የገራው የለም። በዚህ የሚከፋው ካለ መንገዱ ሰፊ ነው።

በዚያ ዓመት አገራችን ቡገንቪል የራሷን መንግሥት ልትመርጥ ነበር። ከቡካ ከተማ አንድ ሰውዬ ተልኮ መጣ። ሸሚዙ ነጭ፣ ጫማው ጭቃ ያልነካው፤ እኛ መንደር ሲደርስ ግን ጭቃችን አስተካከለው። በሽማግሌው በማኪስ ደጅ ተቀምጦ ንግግር አደረገ።

«ራሳችንን በራሳችን ልናስተዳድር ነው። ሆዱ የሞቀ መንደር ግን ምን ያስተዳድራል? ከቶይሩ ሰዎች ጋር ሆዳችሁን አብርዱ፤ ከምርጫው በፊት ይለቅ።»

ሆድ ማብረድ ማለት ዕርቅ ነው። እኔ ያን ጊዜ በእውነት የሚሞቅ ነገር መስሎኝ፣ ማታ ማታ እናቴ ስትተኛ ሆዷን በመዳፌ እዳስስ ነበር። ትኩሳት አልነበረውም። ታዲያ ሰው ሁሉ ስለ እናቴ ሆድ የሚጨነቀው ለምንድን ነው?

ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። እኛ ዘንድ መሬት የሴት ነው፤ ሽማግሌ ማኪስ አፍ ናቸው፤ አፉ የሚናገረው የቆመበት መሬት ሲፈቅድለት ነው። እናቴ ተነሳች።

«ራሳችንን በራሳችን የምናስተዳድር ከሆነ» አለች፣ «የወንድሜ የራስ ቅል የት እንዳለ ንገሩኝና ከዚያ እንጀምር።»

ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ ማስታወሻ ደብተሩን ከፈተ፤ ምንም ሳይጽፍ ዘጋው።

«ፔርፔቱዋ» አሉ ማኪስ፣ «አሳማ ይዘው ይመጣሉ። ቀስት ይሰብራሉ። ድንጋይ ይቀብራሉ።»

«አሳማ አለኝ። አጥንት ነው የሌለኝ።»

«ይነግሩሻል። በወጉ ትጠይቂያለሽ፣ በወጉ ይመልሱልሻል።»

«በወጉ ከሆነ እሺ። ከወጉ አንዲት ክር ብትጎድል ግን ቡዋዩን አልሰጥም።»

ወጉ እንዲህ ነው። ቀስቱ ይሰበራል፤ ድንጋዩ ይቀበራል። ከዚያ የሟች እህት አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ የሚያውቀው ሰው ቁጭ ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሲሰማ ቡዋይ ከጎሳው ቅርጫት ወጥቶ ይሰጣል። ቡዋይ አረንጓዴ ፍሬ ናት፤ ከኖራ ጋር ስትታኘክ አፍን ደም ታስመስላለች። አንዴ ከታኘከች በኋላ የሟች ነገር አይነሳም። ያልተጠየቀ አይጠየቅም፣ ያልተነገረ አይነገርም፤ ከቀዩ ምራቅ ጋር መሬት ላይ ይቀራል። ጠያቂዋ በሕይወት እስካለች ድረስ።

እናቴ አንድ ጥያቄዋን ለዘጠኝ ዓመት ይዛ ነበር። የምትፈልገው ሌላ ነገር አልነበረም። አጥንቱን አግኝታ ከእናቷ አጠገብ በመሬቷ ላይ ልታስተኛው ነው። ዝናብ ሲጀምር የቤታችንን በር ክፍት ትተዋለች። «ዝጊው እንጂ፣ ውኃ ይገባል» ስትላት አክስቴ፣ እናቴ «አሁን እየረጠበ ነው» ትላለች። በሩ ላይ ቆማ ጫካውን ታያለች። እኔም አብሬያት አያለሁ። የሚመጣ ሰው የምትጠብቅ ነበር የሚመስለኝ። የአክስቴን ወሬ በልቧ ታምናለች፣ ኩራቷ ነው እንጂ፣ ብዬ ደመደምኩ።

ሰውዬውን ያየሁት በዚያው ወር ነው።

ከጅረቱ በላይ ካለው የስኳር ድንች እርሻችን ላይ የዱር አሳማ እንዳይገባ እጠብቅ ነበር። ወሰን ላይ ከተተከለው ቀይ ቅጠል ማዶ አንድ ሰው በበትር እየተደገፈ መጣ። ቆብ አድርጓል። ቀኝ እግሩን ይጎትታል።

«ደህና ዋልሽ።»

«ደህና ዋሉ። ይህ የኛ መሬት ነው።»

«አውቃለሁ፤ አልረገጥኩትም። እዪ» አለና እግሮቹን አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ ጣቶቹ ከቀይ ቅጠሉ ወዲያ ናቸው። ግንድ ላይ ለመቀመጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የፔርፔቱዋ።»

ቆቡን አወለቀ። ከእኔ ፊት ቆብ ያወለቀ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

«እግርዎን ምን ሆነው ነው?»

«ጉልበት ሲያረጅ ሰበብ አያጣም።»

«ጥይት አለበት እንዴ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ነገረሽ?»

ቢዋሽ፣ ቢስቅ፣ ወይ «የለም» ቢል ኖሮ አላምነውም ነበር። «ማን ነገረሽ» የሚል ሰው ግን የሚደብቀው ነገር አለው። የተጠበሰ ስኳር ድንች ነበረኝ፤ ግማሹን ከወሰኑ በላይ አቀበልኩት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ሳይበላው ያዘው።

«እናትሽ…» አለ። «አሁንም ትፈልገዋለች?»

«ማንን?»

«ወንድሟን።»

«ዝናብ በዘነበ ቁጥር» አልኩት።

ቆቡን ፊቱ ላይ ደፋ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እህቱን ዘጠኝ ዓመት በር ላይ ያቆመ ሰው ቢያፍር አይገርምም ብዬ፣ ያን ያህል እንኳ እንዳይሸማቀቅ ብዬ፣ ፊቴን ወደ ድንቹ አዞርኩለት።

ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው «አንተ» እለው ነበር፤ ለአጎት የሚባለው እሱ ነው።

«እስከ ቤታችን ለምን አትመጣም? ቅርብ እኮ ነው።»

«ልመጣ ነበር። ሦስቴም የመጣሁት ላናግራት ነው። ፊቷን ሳስብ ግን እግሬ እምቢ ይለኛል።»

«ትቆጣለች ብለህ ነው?»

«ብትቆጣማ ይሻለኝ ነበር» አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ቀኑ ሲደርስ እናትሽ ሁሉን ትሰማለች። አንድ ሳምንት ነው የቀረው። እስከዚያ እኔን እዚህ ማየትሽን ለማንም አትንገሪ። ምን አስቦ ነው የመጣው ይሉና ነገሩ ይበላሻል።»

አክስቴ ሮስታ ልክ ነበረች። ሕያው ነው፣ ያነክሳል፣ እናቴን ይፈራል። በመንደሩ ውስጥ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ። ያንን ሳምንት በምን ኩራት እንደተራመድኩ ልነግራችሁ አልችልም። አክስቴ «ይህች ልጅ ምን ውጣ ነው አንገቷ እንዲህ የረዘመው?» አለች። እናቴ ደግሞ ጥያቄዋን ትለማመድ ነበር። ጎደሬ እየላጠች፣ እንጨት እየፈለጠች፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሦስት ቃል ናት።

ቀኑ በተቃጠለው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሆነ። የቶይሩ ሰዎች በጠዋት የቀርከሃ ዋሽንታቸውን እየነፉ ወጡ፤ አሳማዎቹ በግንድ ላይ ተንጠልጥለው ይጮኻሉ። የሞቀውን አገር ሁሉ የሚያቀዘቅዝ የሚመስል ጭጋግ ነበር። የነሱ አራት ሰዎች ከፊታችን በሰሌን ላይ ተቀመጡ። ሦስቱን ልብ ብዬ አላየኋቸውም። አንደኛው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ በሽተኛ ነበር፤ በቃሬዛ አምጥተው ነው ያስቀመጡት። አየር እንዲያገኝ ያወጡት መሰለኝ። ከእሱ በስተቀኝ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ያ የኔ ሰው ተቀምጧል።

አየኝ። አልሳቀም፤ ዓይኑን ሰበረ። ገባኝ፦ ምስጢራችን ነው።

ቀስቱ ሲሰበር ድምፁ እንደ ደረቅ አጥንት ነበር። ድንጋዩን ሁለት ሰዎች ወደ ጉድጓድ አወረዱት፤ ማኪስ «ይህ ድንጋይ ተነስቶ እስኪሄድ ድረስ ጠባችን አይነሳ» አሉ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ማኪስ ወደ እኛ ዞሩ።

«ፔርፔቱዋ፣ ጠይቂ።»

እናቴ ከቅርጫቱ ኋላ ተነሳች። እኔ ከአጠገቧ ነኝ፤ ቀሚሷ ጉንጬን ይነካኛል። ስትለማመድ ድምፅ አልነበራትም፤ አሁን ድምፅዋ ሲወጣ የሷ አልመሰለኝም። የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር።

«ወንድሜ የት ነው?»

ማንም አልመለሰም። ዋሽንቶቹ ዝም ብለዋል፤ አሳማዎቹ እንኳ ዝም ብለዋል። ዛሬ ያ ዝምታ ምን ያህል እንደቆየ ስገምት፣ ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ አንድ ቃል ለመጀመር የሚፈጅበትን ያህል ነው እላለሁ። ያን ጊዜ ግን እናቴ ቆማ፣ መላው ሰው አፍጦባት፣ የሚመልስላት የጠፋባት መሰለኝ። እኔ መልሱን አውቅ ነበር። ከሩቅ አገር የተመለሰ የጎሳ ወንድ ቡዋይ የሚቀበለው ከትንሿ የቤቱ ልጅ እጅ እንደሆነም አውቅ ነበር። ትንሿ እኔ ነኝ።

ከቅርጫቱ አንድ ፍሬ አነሳሁ። ባዶውን መሐል ተሻገርኩ። ፊቱ ቆምኩና እጄን ዘረጋሁለት።

«አጎቴ፣ እንኳን መጣህ» አልኩት። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሬ ጮክ ብዬ፦ «እማዬ፣ ይኸውልሽ።»

ያንን ፊቱን እስከ ዛሬ አየዋለሁ። ወደ እናቴ አየ። ወደ ማኪስ አየ። ከጎሳው ቅርጫት በጎሳው ልጅ እጅ የወጣ ቡዋይ፣ የጎሳው ቃል ነው፤ እምቢ ማለት ቀስቱን መልሶ መጠገን ነው። ማኪስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰውዬው ፍሬውን ተቀበለኝ፤ አፉ ውስጥ ከተተው፤ ነከሰው።

ሜዳው በለቅሶ ፈነዳ። ሰዎች በላዬ ላይ አልፈው ይተቃቀፋሉ፣ ወንዶች እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃሉ። ስለ ዌንሴስ መመለስ የሚያለቅሱ መሰለኝ። እናቴ መጥታ፣ ወጉ እንደሚያዘው፣ ሰውዬውን አቀፈችው። ቀይ ምራቁ ትከሻዋ ላይ ተንጠባጠበ። እኔ ከሥራቸው ቆሜ ደረቴን ነፋሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ ስለ ዕርቃችን ባሕር ማዶ የተጻፈ ዘገባ እጄ ገባ። ክሬን መመሪያዬን ጨርሼ የማነበው አጥቼ ነበርና ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። «ከሁሉ ልብ የሚነካው» ይላል፣ «አንዲት ሕፃን በራሷ ተነሳሽነት ለቀድሞ ጠላቶቿ ቡዋይ ስታቀርብ ነበር። አዲሱ ትውልድ ሽማግሌዎቹን ቀደማቸው።» ቀደምኳቸው። እዚያ ላይ አልተሳሳቱም። ስሜን ግን አልጻፉትም፤ እኔ ልጻፍላቸው። አፖሎኒያ ነኝ። ሎኒ ይሉኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ እጄን ይዛኝ ነበር። ብዙ መንገድ ሄደን፦

«ማን ነው ያልሽው?» አለችኝ።

«አጎቴ ዌንሴስ ነዋ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እግሩ።»

አልመታችኝም። በዱላ ብትለኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር፤ ተከፍሎ ያለቀ ነገር በሆነ። እሷ ግን እጄን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችና መንገዷን ቀጠለች። ነገሩን የነገረችኝ አክስቴ ሮስታ ናት፤ እሷም በሳምንቱ፣ ሰውዬው የሙዝ ዘለላ ተሸክሞ ደጃችን ሲመጣ። ስሙ ታዴየስ ነው። የቶይሩ ሰው ነው። ገዳዮቹ ከተቀመጡበት ሰሌን ላይ ነው የተነሳው።

«አሁን በወጉ አጎትሽ ነው» አለችኝ፣ ዓይኗ አብጦ። «በሰው ፊት አጎቴ ብለሽ ጠርተሽው ቡዋይሽን በልቷል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዌንሴስ ጊዞ ገበያ ታይቶ አያውቅም።

ታዴየስ አሥራ አራት ዓመት አጎቴ ሆነ። ክፉ አልነበረም፤ ይህ ነው ያስቸገረኝ። ጣራችንን በሳጎ ዘንባባ ቅጠል የከደነልን እሱ ነው። ልጃገረድ ስሆን አጎት የሚያመጣውን ሁሉ አመጣ። በየወሩ ይመጣል፤ እናቴ ከድስቱ የተሻለውን ቁራጭ ታወጣለታለች። እሳቱ መሐላቸው ነው። እሷ ከዚህ፣ እሱ ከዚያ።

«ዘንድሮ ዝናቡ በዛ» ይላል።

«በዛ» ትላለች።

«ጎደሬው ይበሰብሳል።»

«ይበሰብሳል።»

እኔ በማጀቱ በኩል ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ። አንድ ቀን አልቻልኩም።

«ጠይቂው እንጂ! ወግ ብሎ ነገር! ማን ይሰማናል?»

«መንደሩን ሁሉ ወጉን ጠብቁ ብዬ ለአንድ ዓመት ያስጨነቅሁ እኔ ነኝ» አለች። «አሁን ለራሴ ሲሆን ልሽረው? እንዲያ ከሆነ ያ ድንጋይ ነገ ተነስቶ ይሄዳል።»

አልጠየቀችውም። አነበበችው እንጂ። ሲመጣ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ሲሄድ በየት እንደሚሄድ፣ ዓይኑ የት ላይ እንደሚያርፍና የት ላይ እንደማያርፍ ታጠና ነበር። በጅረቱ በኩል ያለውን አቋራጭ አንድ ቀን እንኳ አልወረደበትም፤ ሁልጊዜ በሩቁ ይዞራል። እናቴ ይህን ያዘች። በበጋ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ መቆፈሪያዋን ይዛ ወደዚያ አቋራጭ ትወርዳለች። ሳድግ እኔም አብሬያት ቆፈርኩ። የአሳማ መንጋጋ አገኘን። የዛገ የወታደር ቆብ አገኘን። አንድ ጊዜ ረጅም አጥንት አገኘንና እናቴ ቀሚሷን ዘርግታ ተቀመጠች፤ የውሻ ነበር። የቆፈርነውን ሁሉ መልሳ ትደፍነዋለች፤ አፈሩን በመዳፏ እንደ አልጋ ታስተካክለዋለች። አሥራ አራት በጋ። የተራራው ጎን በሙሉ የተነጠፈ አልጋ መሰለ፤ የሚተኛበት የለም።

ዝናብ ሲዘንብም በሩን አልዘጋችም።

እኔ እያደግሁ አፌም አደገ። ሕጉ በየቀበሌው ከአንድ ወንድ ጋር አንዲት ሴት ትመረጥ ሲል፣ መንደሩ እኔን መረጠ። «ከውጭ ሆና ከምትሰድበን ውስጥ ሆና ትስደበን» አሉ ማኪስ። በምገኝበት ዕርቅ ሁሉ ሕፃናት ከቅርጫቱ አጠገብ እንዳይቀመጡ አዝዣለሁ። «ለምን?» ይሉኛል። «ስላልኩ» እላቸዋለሁ።

እናቴ ያረፈችው በዚያ ትልቅ ድምፅ መስጫ ዓመት ነው፤ ነፃ አገር እንሁን ወይስ አንሁን ብለን ልንመርጥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው። ሳንባዋ ነበር። በመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ትራሷን ከፍ አድርጌላት፣ ሳቅ አለች። እናቴ ስትስቅ ማየት ልማዴ አልነበረም።

«ምን ያስቅሻል?»

«መሞቴም ጥቅም አለው» አለች። «እኔ ስሞት ወጉ ይፈታል። ጠይቂው።»

«እጠይቀዋለሁ።»

«እንዳትሰድቢው። ጥሩ ሰው ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ካገኘሽው ከእኔ በስተግራ አስተኚው። በልጅነቱም በግራዬ ነበር የሚተኛ።»

ስንቀብራት በስተግራዋ የአንድ ሰው ቦታ ተውኩ። ቆፋሪዎቹ አልጠየቁኝም።

ታዴየስ በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ሙዙን ተሸክሞ፣ በሩቁ መንገድ ዞሮ። አርጅቷል። መቃብሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቆቡን አወለቀ። እኔ አልተቀመጥኩም። ለዚህ ሰዓት አሥራ አራት ዓመት ምላሴን ስዬ ነበር።

«አጎቴ» አልኩት፣ «ጠያቂዋ ሞታለች። አሁን ይፈቀዳል። የት ነው የቀበርከው?»

«ማንን?»

«ዌንሴስን። በጅረቱ መንገድ ነው አይደል? አሥራ አራት ዓመት ያንን መንገድ ስትሸሽ አይተንሃል።»

«ያንን መንገድ?» አለ። ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ገደል ነው እኮ ልጄ። በሠርጌ ቀን ከኮኮናት ዛፍ ወድቄ እንዲህ ከሆንኩ ጀምሮ ቁልቁለት አልችልም።»

እኔም ተቀመጥኩ።

«እኔ እኮ ዌንሴስን በዓይኔ አላየሁትም» አለ ቀስ ብሎ። «እናትሽ የምታውቅ መስሎኝ። መንደሩ ሁሉ የሚያውቅ መስሎኝ። እኔ የመጣሁት ወንድሜን ስምዖንን ልደግፍ ነው። በግራዬ የነበረው፣ ብርድ ልብስ የለበሰው። እሱ ነው ያደረገው፤ ቦታውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ ዕጢ ነበረበት፤ ሳልናገር አልሞትም ብሎ በቃሬዛ አስመጣን። ያኔ እርሻችሁ ድረስ ሦስቴ የመጣሁት፣ መቀመጥ አይችልም፣ ተኝቶ ይናገር ብዬ እናትሽን ልለምን ነበር።»

«ታዲያ ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ቡዋዩ ታኘከ። በዚያው ዓመት በፋሲካ፣ ቦታውን ለእኔም ሳይነግረኝ ሞተ።» ቆቡን በእጁ አዟዟረው። «‹ልጇን የላከችው ከመናገር ልታድነኝ ብላ ነው፣ ማረችኝ› እያለ ስምዖን እናትሽን እስኪሞት ሲያመሰግናት ነበር። ምክንያቱም አፉን ከፍቶ ነበር እኮ። ‹ወንድምሽ› ብሎ ሊጀምር ነበር። አንቺ መጥተሽ ፊቴ ስትቆሚ ነው የዘጋው።»